ሹክሹክታ እና የፍላጎት መስመር

የክፍል ጓደኞቿ «ሹክሹክታ» ይሏት ነበር። መምህር ጠይቋት ስትመልስ ድምጿ ከፊተኛው ዴስክ አያልፍም። መልሷን ለክፍሉ የምታደርስላት አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ናት፤ «አቅርቦት ነው የምትለው፣ ቲቸር» ትላለች እንደ አስተርጓሚ። ክፍሉ ይስቃል። ሹክሹክታም አብራ ትስቃለች፣ ውስጧ ግን እርር ይላል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ ልቧን የወሰደው ኢኮኖሚክስ ነበር። የመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ የሰው ፍላጎት ወሰን እንደሌለው፣ ያለው ነገር ግን ውስን እንደሆነ ስታነብ፣ «ይኼን የጻፈው ሰውዬ አክስቴን ያውቃታል» ብላ ብቻዋን ሳቀች። የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው። አክስቷ የሴቶች ጸጉር ቤት አላት፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው በር ላይ የሚጠብቅበት ጠባብ ክፍል ናት። አክስቷ ግን እዚያች ክፍል ውስጥ ሌላ የጸጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ሌላ መስተዋት፣ ለደንበኛ ማረፊያ ሶፋ፣ ከተቻለም የዓሣ ገንዳ ማስገባት ትመኛለች።

ሹክሹክታ ከትምህርት መልስ ጸጉር ታጥባለች። አንድ ሰሞን የቤቱ ሬዲዮ ተበላሸና ዝምታው አክስቷን አስጨነቃት።

«እስቲ የምታነቢውን ጮክ በይና አንብቢልን። ቤቱ እኮ ሰው የሌለበት መሰለ።»

«ኢኮኖሚክስ ነው እኮ፣ አክስቴ።»

«ምንም ይሁን። ከዝምታ ይሻላል።»

መጽሐፏን ከሻምፖው መደርደሪያ ላይ አስደግፋ፣ እጇን ከአረፋው ሳታወጣ ማንበብ ጀመረች። ካስኩ ሲበራ እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ በሹክሹክታ ማንበብ አይሆንም፤ ሳትወድ በግዷ ድምጿን ከፍ አደረገች። ደግሞም ጸጉሩን የሚታጠብ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል። የሚያያት ሰው እንደሌለ ስታውቅ ምላሷ ተፍታታ። ጭንቅላቱን መታጠቢያው ላይ ያሳረፈ ሰው የትም ስለማይሄድ፣ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ያዳምጣታል።

ውሎ አድሮ ደንበኞቹ ነገሩ ጣማቸው። በተለይ የሰፈሩ ባለዳቦ ቤት፣ የጸጉር መጠቅለያው ቢጎዲን በጭንቅላቷ ሙሉ ተጠቅልሎ እያለ፣ ክርክር ትወድ ነበር። «ሞኖፖሊ ማለት እኔ ነኛ፤ በዚህ መንገድ ከእኔ ሌላ ዳቦ የሚሸጥ አለ?» ትላለች። አክስትየው ደግሞ፣ «ታዲያ ለዚህ ነዋ ዳቦሽ በየወሩ የሚያንሰው» ትላታለች። ሳቅ በሳቅ ይሆናሉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሹክሹክታ ሳሙና ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ፣ አንዲት ሴት ጸጉሯ በፎጣ ተጠምጥሞ፣ ፊቷ በነጭ ክሬም ተለስኖ ተቀምጣ አገኘች። ክሬሙ እስኪደርቅ መናገር አይፈቀድም። ባለዳቦ ቤቷ ወዲያው፣ «ነይ እንጂ፣ ዛሬ ምን አለን?» አለቻት።

ሹክሹክታ በጣቷ አረፋ ነካ አድርጋ መስተዋቱ ላይ ወደ ታች የሚወርድ መስመር አሰመረች። «ይኼ የፍላጎት መስመር ነው። ዋጋ ሲጨምር ፍላጎት ይቀንሳል።»

ክሬም የተቀባችው ሴት ጣቷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

«አቃጠለሽ እንዴ?» አለች አክስትየው ደንገጥ ብላ።

ሴትየዋ በጭንቅላቷ አይደለም አለችና ወደ መስተዋቱ ጠቆመች። ሹክሹክታን ነገሩ ትንሽ አናደዳት። ቢሆንም ያሰመረችውን መስመር ደግማ አየችው።

«ቆይ፣ ልክ ናት። ዋጋ ብቻ ሲለወጥ መስመሩ ከቦታው አይነቃነቅም። በመስመሩ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የምንሄደው እኛ ነን፤ የሚቀንሰው የምንገዛው መጠን ነው።»

«መቼ ነው ታዲያ መስመሩ ራሱ የሚሄደው?» አለች ባለዳቦ ቤቷ።

«ዋጋው ሳይቀየር የሠርግ ወቅት ሲመጣ! በዚያው ዋጋ ጸጉሩን የሚሠራው ሰው ይበዛል። ያኔ መስመሩ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ይሄዳል» አለችና ሁለተኛውን መስመር ከጎኑ አሰመረች። ድምጿ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ባለ ክሬሟ ሴት አውራ ጣቷን አነሣችላት።

ክሬሙ ሲደርቅ ሹክሹክታ ለብ ያለ ውኃ ይዛ ማጠብ ጀመረች። መጀመሪያ ግንባር፣ ቀጥሎ ጉንጭ ወጣ። አገጩ ላይ ስትደርስ እጇ ባለበት ቀረ። ከክሬሙ ሥር የወጣችው የኢኮኖሚክስ መምህሯ ናት።

«ድምፅሽን ለመስማት የግድ ክሬም መቀባት ነበረብኝ?» አለች መምህሯ።

ሹክሹክታ በላብ ተጠመቀች። አክስትየው ግን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

ሰኞ ዕለት መምህሯ ጠመኔውን ዴስኳ ላይ አስቀመጠችላትና ሄዳ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ሹክሹክታ ጠመኔውን ይዛ ወደ ሰሌዳው ወጣች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሯ ለራሷም አልተሰማት። ጸጉሩን እንደ ጃንጥላ ያሳደገው ረጅሙ ልጅ ከኋላ፣ «አልተሰማም» አለ።

ዞር ብላ ጸጉሩን አየችው። «አንተ፣ የጸጉር ቅባት ዋጋ ቢጨምር ምን ታደርጋለህ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም ሳቀ። «እቆጥባለኋ።»

«ትላጫለህ?»

«ሞቼ ነው የምላጨው።»

«እንግዲህ ያንተ ፍላጎት አይለጠጥም ማለት ነው፤ ዋጋው ቢንርም የምትገዛው ብዙ አይቀንስም» አለችና፣ ጸጉር ቤት እንደለመደችው እየጠየቀች፣ እየቀለደች፣ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አስተማረች። ደወል ሲደወል የተነሣ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹ መጽሐፋቸውን ይዘው ጸጉር ቤቱን ያጣብቡት ጀመር። አክስትየው፣ «ይኼ ሁሉ ጎረምሳ ምን ሊሠራ መጣ?» እያለች ታጉረመርማለች፣ ደግሞ ወንበር ከጎረቤት እየተዋሰች ታመጣላቸዋለች። ረጅሙ ልጅ ከሁሉም ቀድሞ ይደርስ ነበር።

ውጤት የወጣ ቀን ሹክሹክታ ስልኳን ማየት ፈርታ ለአክስቷ ሰጠቻት። አክስቷም ፈርታ ለባለዳቦ ቤቷ አቀበለቻት። ባለዳቦ ቤቷ ግማሹ ጸጉሯ ተሠርቶ፣ ግማሹ እንደተንጨባረረ፣ አንብባ ስትጨርስ እልል እያለች መንገድ ላይ ወጣች። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ፣ ከዚያም የሚተርፍ ውጤት ነበር። በኢኮኖሚክስ ከትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ወጥታለች።

«አንደኛው ማነው?» አለች አክስቷ።

ሹክሹክታ ለመምህሯ ደውላ ጠየቀች። ያ ረጅሙ ልጅ ነበር።

«እዚህ ቤት፣ በኔ ወንበር ተምሮ በለጠሽ?» አለች አክስቷ ተቆጥታ።

«እኔ ነኛ ያስተማርኩት» አለች ሹክሹክታ፣ አፏን ሞልታ። ሳቋ የካስኩን ጩኸት አልፎ መንገድ ላይ ተሰማ።