ሰማንያኛው ቀን ከባቡሩ ማዶ

ሴት ልጄ ሰማንያ ቀን የሞላት እሑድ ዕለት ነበር። ክርስትና ልናስነሳት ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስተናል፤ ግን የእኛ ነገር፣ ነጠላው ሲፈለግ፣ የሕፃኗ ወንበር ሲታሰር፣ ክርስትና እናቷን ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከዶራቪል ድረስ ሄጄ ሳመጣ ረፈደ። እዚህ አሜሪካ፣ ኮንየርስ የምትባል ከተማ አጠገብ ካለችው ቤተ ክርስቲያናችን ልንደርስ ሁለት ደቂቃ ሲቀረን የሐዲዱ ማቋረጫ ተዘግቶ አገኘነው። አንድ የጭነት ባቡር መንገዱን ገድግዶ ቆሟል። ደወሉ ይጮኻል፣ ባቡሩ ግን ንቅንቅ አይልም።

ደሜ ፈላ። መኪናዬን አዙሬ ወደሚቀጥለው ማቋረጫ በረርኩ። እሱም ተዘግቷል፣ በዚያው ባቡር። ጂፒኤሱ በድልድዩ በኩል ለመዞር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል አለኝ። ተመልሼ መጀመሪያ ከነበርንበት ቆምኩ። በሁለት ፉርጎዎች መሃል የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያና መስቀሉ ይታያል፤ በእግር ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ዲያቆኑ ደወለ።

«የት ደረሳችሁ? ቄሱ ውሃውን ባርከው እየጠበቁ ነው። ቅዳሴ ሊገባ ነው እኮ።»

ልጅቷ ተጠምቃ በዚያው ቅዳሴ መቁረብ አለባት። ለሚስቴም ከወለደች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምትገባበት የመጀመሪያ ቀኗ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ልጅቷን ከወንበሯ አንስታ አቅፋ በፉርጎዎቹ መሃል መስቀሉን ታያለች።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ባቡር ያመጣውን ኮንቴይነር ከጣቢያው አንስቼ ኮንየርስ ላሉት መጋዘኖች አደርሳለሁ። እንጀራዬ የሚመጣው በሐዲድ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ባቡር ደግሞ ነፍሴ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሁለት ባቡር አንድ አድርገው፣ መሃሉ ላይ ሌላ የሚጎትት ራስ፣ ሎኮሞቲቭ፣ ሰክተው መንዳት ሲያበዙ እኔ ደስ ነበር የሚለኝ። ማቋረጫ ላይ ቆሜ ፉርጎ እቆጥራለሁ፣ ይጠፋብኛል፣ እንደ ልጅ እንደገና እጀምራለሁ። ሰው እንዴት ይህን ያህል ብረት ይጎትታል እያልኩ እደመማለሁ። ከዚያ ሁሉ ብረት ጋር ስንት ሰው እንዳለ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ታዲያ ያን ጠዋት የባለሙያነት ስሜቴ ተነሳ። ወርጄ አየሁት። በፉርጎዎቹ መገጣጠሚያ አጠገብ የብረት መወጣጫ አለ፤ በዚያ ወጥቶ ማዶ መውረድ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

«በዚህ እናሻግራታለን» አልኩ።

«ባቡሩ ቢነሳስ?» አለች ሚስቴ።

«አይነሳም። እንደ እኔ ተሳቢ ማለት ነው፣ ፍሬኑ በአየር የሚሠራ። አየሩ ካለቀ ፍሬኑ ይነክሳል፤ ፍሬኑ ከነከሰ የትም አይሄድም። ስንት ዓመት ነው የጎተትኩት!»

ትንሽ አየችኝ። «እሺ፣ አንተ ካልክ» አለች፤ የልጅቷንም መጠቅለያ አጥብቃ መጣች።

ክርስትና እናቲቱ፣ በቀደም ጉልበቴን ብለው ደረጃ አልወጣም ያሉት ሴትዮ፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከኋላዋ ተሰለፉ። «እኔም እወጣለሁ፤ ብቻ ልጄን ቀኗ እንዳያመልጣት» አሉ። አንድ እግሬን መወጣጫው ላይ አደረግሁ፣ በአንድ እጄ ብረቱን ያዝኩ፣ ሌላውን ወደ ሚስቴ ዘረጋሁ።

«እንደምን አደራችሁ» አለ አንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ። «መጀመሪያ ውረድልኝ፣ ከዚያ እናወራለን።»

ፀጉሩ የሸበተ ግዙፍ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ የባቡሩ ኮንዳክተር፣ የነጂው ረዳት። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሷል፣ ትከሻው ላይ የፍሬኑ አየር የሚያልፍበት ወፍራም ቱቦ አንጠልጥሏል፣ በእጁ ትልቅ መፍቻ ይዟል። ሸሚዙ በላብ ርሷል። በዚያ ሁሉ ጠጠር ላይ በእግሩ ነው የመጣው። አልጮኸም፣ ፖሊስ እጠራለሁም አላለም።

እኔ ግን አልወርድም ብዬ ንግግር ጀመርኩ። ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ አለኝ አልኩ፣ የአየር ፍሬን አውቃለሁ አልኩ፣ ሁሉንም አልኩ። እስክጨርስ አዳመጠኝ። ያን ያህል ድካም ያለበት ሰው ያን ያህል ጅል ንግግር ቆሞ ሲያዳምጥ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

«ስለ አንተ መኪና ትክክል ነህ» አለ። «ግን አንተ የምትጎትተው አንድ ተሳቢ ነው። ይሄ ሁለት ባቡር ተገጥሞ ነው። እኛ ደግሞ ሁለት ሰዎች ነን። ነጂው ከዚያ ኩርባ ወዲያ፣ በጣም ሩቅ ነው ያለው፤ አንተን አያይህም። ሬዲዮዬም ከቆረጠ ቆየ። መሃል ላይ ምን እንደሚሆን እሱም አያውቅም፣ እኔም ሄጄ ካላየሁ አላውቅም።»

ወረድኩ። እውነቱን ለመናገር አምኜው ሳይሆን ሚስቴ ፊት አፍሬ ነው።

«ዛሬ ሰማንያዋ ነው በለው» አሉኝ ክርስትና እናቲቱ። ነገርኩት። ልጅቷን አየት አደረገና የጥምቀቷ ሰዓት ስንት ነበር አለ። አልፏል አልኩት። በመፍቻው አስፋልቱ ላይ ያለውን ነጭ መስመር አሳየን። «ከዚያ ወዲያ ቁሙልኝ። የምችለውን አደርጋለሁ።» እስክንመለስ ጠበቀ፤ ከዚያ ነው የሄደው።

አሥር ፉርጎ ያህል ወደኋላ ሄዶ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከ። የፈነዳውን የአየር ቱቦ ፈቶ አዲሱን ገጠመ። ሲመለስ ሬዲዮውን ከራሱ በላይ አንስቶ እየተጣራ ነበር፤ ማቋረጫው ጋ ሲደርስ የነጂው ድምፅ ተቆራርጦ ተሰማ። እዚያው በእኛና በባቡሩ መሃል ቆሞ አንድ ነገር ተናገረ።

አየሩ ሲገባ ፉርጎዎቹ መተንፈስ ጀመሩ። ጡሩምባ አልሰማንም፤ የባቡሩ ራስ ከዚያ ሁሉ ርቀት ቢነፋም አይሰማም። ከሩቅ ግን በር የሚላተም የመሰለ ድምፅ መጣ፣ ሌላ በር፣ ሌላ፣ እየቀረበ፣ እየፈጠነ። እኛ ጋ ሲደርስ የወጣሁበት ፉርጎ ተወርውሮ ሄደና ቀጥ አለ። መገጣጠሚያው ተላትሞ መልሶ ተወጠረ። መወጣጫው ቅድም ከነበረበት አንድ ክንድ ርቋል። ልጅቷ በርግጋ አለቀሰች።

ሚስቴ ባቡሩን አላየችም፤ እግሬን ነበር የምታየው።

ሰውየው «አላልኩህም?» አላለም። ባቡሩ ወደፊት መሳብ ሲጀምር ፊቱን ወደ እኛ አላዞረም፤ የሚያልፈውን መንኮራኩር አንድ በአንድ ይመረምራል። ቆይቶ ነው የገባኝ። ነጂውን መንገዱን ልቀቅላቸው ብሎ ነግሮታል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ያለፈ ፉርጎ እሱ ወደ ነጂው በእግሩ የሚመለስበትን መንገድ ይጨምርበታል። ረጅም ባቡር የማደንቅ እኔ፣ ያን ቀን አላልቅ ብሎ ጨነቀኝ። ለዚያ ሁሉ ፉርጎ እንደዚህ ዓይነት ሰው አንድ ብቻ መመደባቸውም አበሳጨኝ፤ ዛሬም ያበሳጨኛል።

የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ በመኪና ላድርስህ አልኩት። መንገዱ ከሐዲዱ ጋር እንደማይሄድ ነገረኝና «ረፍዶባችኋል፣ ሂዱ» አለ። ክርስትና እናቲቱ የመኪናውን ኋላ አስከፈቱኝ። እዚያ የክርስትናው ድፎ ዳቦ አለ። ቄስ ሳይባርከው ዳቦ የነካ ሰው ሲቆጡ የኖሩ ሴት ናቸው። በእጃቸው ገምሰው፣ ከውሃ ጋር አቀበሉት። ምንነቱን ሳይጠይቅ አመስግኖ ተቀበለና ሐዲዱን ተከትሎ ሄደ።

ቄሱ ቅዳሴውን አቆይተው፣ ሕዝቡ ቆሞ ጠብቆናል። ተጠመቀች፣ ማተብ አሰረች፣ ቆረበች። ሰው ሁሉ በማዕድ ላይ ባቡሩን ሲረግም እኔ ከተገመሰው ድፎ ቆርሼ በላሁ።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ማቋረጫው ክፍት ነው፤ ደወልም ባቡርም የለም። እኔ ግን ነጩ መስመር ላይ አቆምኩ። ከኋላችን የቆመ መኪና ጡሩምባ ነፋብን።

«ምነው?» አለች ሚስቴ።

«አንቺ እይልኝ።»

ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ ወደ ግራ ደገመች። «ምንም የለም። ሂድ።»

«እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አልኳት።

አልሳቀችም። የልጅቷን እግር በመዳፏ ይዛ ነበር፤ እስክንሻገር አልለቀቀችውም።