ጽጽቃ ድረስ የተከተለን አምስተኛ ስም

ረቡዕ፤ ከሰቆጣ መነሻ

ከሰቆጣ የተነሣነው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የጉዞአችን ምክንያት የሰማውን ሁሉ ያስቅ ነበር፤ አምስት ስም ለመጻፍ። አዲስ አበባ ያሉ የአንድ የተማሪዎች መጽሔት አዘጋጆች፣ ለአገልግሎት ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ለተበተንነው የቀድሞ ተጫዋቾች ደብዳቤ ልከው ነበር። ባለፈው ዓመት የኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር ከሁሉ የበለጡት አምስቱ እነማን ናቸው? በአንድ አውራጃ ያላችሁ ተስማምታችሁ፣ ሁላችሁም ፈርማችሁ አንድ ዝርዝር ላኩልን ይላል።

ዋግ ውስጥ ያለነው ሦስት ነን። እኔና ተስፋዬ ሰቆጣ እናስተምራለን። ሦስተኛው ሙሉጌታ ጽጽቃ ላይ ጤና ጣቢያ ነው የተመደበው። ደብዳቤ የሚወስደው የጭነት መኪና ወደ ኮረም የሚወርደው እሑድ ጠዋት ነው። ትምህርት ቤቱ ከፈተና በኋላ ለሳምንት ስለተዘጋ፣ ሁለት ቀን ለመሄድ ሁለት ቀን ለመመለስ በቂ ጊዜ ነበረን።

አንባቢን መሸንገል አልፈልግም። እኔ የሄድኩት አምስተኛው ስም የእኔ እንዲሆን ነው። እንቢ ቢሉኝ እስኪታክታቸው ልከራከር ቆርጬ ነበር።

ከገበያው ጥግ በስሙኒ ቆሎና የገብስ ዳቦ ገዛን። እዚያው መሪጌታ ክንፈ አገኙን። የስድሳ ዓመት ሰው ናቸው፤ ጽጽቃ አጠገብ ባለ ደብር ዜማ ሊያስተምሩ መሄዳቸው ነበር። “መንገዱን አታውቁትም፤ ከእኔ ጋር ሂዱ” አሉን። መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ ጋደም አድርገው ከፊት ቀደሙ።

የመጀመሪያው ዳገት

ረጅሙ ደረጀና ግራኙ ሳሙኤል አላከራከሩንም። ሌሎቹንም ሁለቱን ከተማው ከዓይናችን ሳይጠፋ ጨረስናቸው። ችግሩ አምስተኛው ላይ መጣ።

“ሙሉጌታ ነው” አለ ተስፋዬ። እሱ የምህንድስናው ኮሌጅ ተጫዋች ስለነበር ለእኔም ሆነ ለሙሉጌታ የሚያዳላበት ምክንያት አልነበረውም። “እንደሱ የሚከላከል አላየሁም።”

“የመጨረሻውን ጨዋታ ማን አሸነፈ ታዲያ?”

“አንተ ያለህበት ቡድን።”

“የመጨረሻዋን ኳስ ማን አገባ?”

“አንተ” አለና እርምጃውን አፈጠነ።

ዳገቱ ድንጋያማ ነው። በሁለት በኩል የታጨደ የገብስ ማሳ፣ ከማሳው በላይ ራቁቱን የቀረ ገደል። አህያ የሚነዱ ሰዎች ሲያልፉን ከመሪጌታ ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ መሪጌታ ስለ እኛ አንድ ነገር ይነግሯቸዋል፤ እነሱም ዞር ብለው አይተውን ይስቃሉ።

“ምን አሏቸው፣ መሪጌታ?” አልኳቸው።

“ለኳስ ሁለት ቀን በእግር የሚሄዱ አስተማሪዎች አገኘሁ አልኩ። ሐሰት ተናገርኩ?”

ረቡዕ ነውና እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመሱም። እኛ ቆሎ እየቆረጠምን፣ እኔ የፍጻሜውን ጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረክሁላቸው። አንድ ነጥብ እየመሩን ነበር። ኳሱን እያነጠርኩ ገባሁ፤ ሙሉጌታ ከፊቴ ቆመ፤ አለፍኩት፤ አገባሁ። ተስፋዬ አንገቱን አቀርቅሮ ሲሰማኝ ነበር።

“እንዴት አለፍከው?” አሉ መሪጌታ።

“በፍጥነት” አልኩ።

ያን ቀን ማታ አንድ ዲያቆን ቤት አሳደሩን። ሹሮና ጠላ ቀረበልን። ደክሞን ስለነበር ሳንከራከር ተኛን።

ሐሙስ፤ ጽጽቃ

መንገዱ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ይበዛዋል። ወንዙን በድንጋይ ላይ እየዘለልን ተሻገርን። ጽጽቃ የደረስነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጤና ጣቢያው ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ሲሆን ደጁ ላይ እናቶች ሕፃናት ታቅፈው ተሰልፈዋል። ሙሉጌታ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ ወጣ። ተስፋዬን አቅፎ ሳመው። ለእኔ እጁን ብቻ ዘረጋልኝ።

“እንደምን ሰነበትህ፣ አስፋው?” ሲል የፊት ጥርሱ አንዱ እንደሌለ አየሁ። ስሜን ሲጠራ በክፍተቱ ነፋስ ያፏጫል።

ሥራው እስኪያልቅ ጠበቅነው። ከዚያ ከእሱና ከመሪጌታ ጋር ጓሮው ግራር ሥር ተቀመጥንና ወረቀቱን አወጣሁ። ሙሉጌታ አራቱን ስም አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

“በነዚህ እስማማለሁ። አምስተኛውን ከመጻፋችን በፊት ግን የምጠይቀው ነገር አለ” አለ። ወደ መሪጌታ ዞረ። “አባቴ፣ ይዳኙን። ይህ ሰው ጥርሴን በክርኑ አውልቆታል። ዳኛው አላየም። ዓመት አለፈው፤ አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ አላለኝም።”

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና አዩኝ። ቀስ ብለው፣ “ልጄ፣ ሳታውቅ ነው ወይስ ሆን ብለህ?” አሉ።

ዓመቱን ሙሉ ለራሴ የምነግረው መልስ አፌ ላይ ነበር፤ ግርግር ነበር፣ ሳላውቅ ነው። ለተስፋዬም የነገርኩት ይህንኑ ነበር። ቀና ስል ተስፋዬ መሬት መሬቱን ያያል። ያን ጊዜ ሁሉ ሲያውቅ ኖሯል።

“ሆን ብዬ ነው” አልኩ። ፊቴ ነደደ።

“ድንጋይ ተሸከም” አሉ መሪጌታ።

ከግራሩ ሥር አንድ ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁና ሙሉጌታ እግር ሥር ተደፋሁ። ድንጋዩ የምድጃ ጉልቻ ያህላል፤ ያን ያህል አይከብድም። ግን እሱ እስኪያነሣው ድረስ ያለው ጊዜ ረዘመብኝ። ከመንደሩ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። በመጨረሻ ድንጋዩ ከላዬ ተነሣ፤ እጁ ክንዴን ያዘኝ።

“ይቅር ለእግዜር” አለ።

ድምፅ አሰጣጡ

መሪጌታ መርቀውን እንደጨረሱ ሙሉጌታ ብዕሩን አነሣ። “የእኔ ድምፅ ለአስፋው ነው” አለ።

ተስፋዬ ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ።

“ክፉ ነው” አለ ሙሉጌታ። “ነገር ግን ያን ቀን ሦስት ጊዜ አልፎኛል። ያየሁትን አልክድም።”

ሁለት ቀን ሙሉ የተመኘሁት ነገር እጄ ገባ። አንዲት ቃል ሳልጨምር ዝም ብል ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን የጀመርኩትን ሳልጨርስ መተው አልቻልኩም።

“ሦስቱን ጊዜ በደህና አልፌሃለሁ” አልኩት። “አራተኛው ላይ ግን አቃተኝ። በቀኝም ሞከርኩ፣ በግራም ሞከርኩ፤ ዘጋኸኝ። ክርኔን የሰነዘርኩት ስላቃተኝ ነው። ጨዋታው የተቆረጠው በዚያች ኳስ ነው፤ በዚያች ኳስ አንተ በልጠኸኛል። የእኔ ድምፅ ለአንተ ነው።”

“አልቀበልም!”

“እኔም አልቀበልም!”

መሪጌታ እስኪያስላቸው ሳቁ። “መንገድ ላይ እኔ ነኝ ሲል ጆሮዬን አደነቆረው። አሁን ደግሞ አንተ ነህ አንተ ነህ ትባባላላችሁ? በሉ፣ ሦስተኛው ይናገር።”

“ዳገቱ ላይ የተናገርኩትን አልለውጥም” አለ ተስፋዬ። “ሙሉጌታ።”

ስሙን በገዛ እጄ ጻፍኩት። ሦስታችንም ፈረምን። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ራት ላይ ግን ሙሉጌታ የማሩን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ “ብላ እንጂ” ሲለኝ ቀለል አለኝ።

ዓርብና ቅዳሜ፤ መመለሻ

መሪጌታ ወደ ደብራቸው ሄዱ። እኔና ተስፋዬ ያንኑ ቁልቁለት ዳገት አድርገን ተመለስን። ስንወርድ አፋችን ያላረፈበትን መንገድ ስንመለስ ብዙ አላወራንበትም። ወንዙ ላይ ግን፣ “ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም? ታውቅ ነበር” አልኩት።

“እኔ ብነግርህ ትክደኝ ነበር” አለ።

እውነቱን ነው።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰቆጣ ገባን። እሑድ ጠዋት ደብዳቤውን ለሾፌሩ ሰጠሁት፤ ኪሱ ከተተው፤ መኪናው አቧራውን እያስነሣ ሄደ። ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው። ስለ ብልጫ የሚከራከር ሰው ታሪኩን በሙሉ ይዞ መቅረብ አለበት። እኔ ግማሹን ይዤ ዓመት ሙሉ ተከራክሬአለሁ፤ ማንም ሊረታኝ ያልቻለውም ለዚህ ነበር።

ሰኞ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ወሬውን ቀድመው ሰምተው ጠበቁኝ። “እነማን ተመረጡ?” አሉኝ። አምስቱን ስሞች በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው። ከኋላ አንዷ እጇን አወጣች።

“የርስዎስ ስም፣ መምህር?”

“የእኔ የለበትም” አልኩና ሰሌዳውን ጠርጌ ወደ ሒሳቡ ገባሁ።