የፍልሰታው ቀይ ወይን

ባለፈው ሳምንት ልጄ እንግዶች ልትጋብዝ ነውና ከሱፐርማርኬት ወይን ግዛልኝ አለችኝ። ቀይ ይሁን፣ ብዙ ሳይወደድ ደግሞ ጥሩ ይሁን ብላ አዘዘችኝ። ጠርሙሶቹ ፊት ተገትሬ ቀረሁ። ሻጯ ልጅ ደረቅ ነው ወይስ ጣፋጭ የሚፈልጉት ብትለኝ፣ አንቺው ምረጪልኝ አልኳት። በዕድሜዬ ወይን የመረጥኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም አልሆነም።

ያኔ ጎንደር ተማሪ ነበርኩ። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ። አባቴ ደባርቅ አጠገብ ባለው መንደራችን ታሞ ተኝቷል፤ ሐኪሙም ወደ ቤቱ ውሰዱት ብሏል። ቆርቤ ልሙት አለ እንጂ ሌላ ነገር አልጠየቀም። ችግሩ ዘቢብ ነው። የቁርባኑ ወይን የሚጨመቀው ከዘቢብ ነው፤ በፍልሰታ ደግሞ በየቀኑ ስለሚቀደስ፣ ሕፃን ሽማግሌውም ስለሚቆርብ፣ የደብራችን ዘቢብ አለቀ። ከደባርቅ ሱቆችም ጠፋ። ወንድሜ ደውሎ ጎንደር ፈልግ አለኝ።

ቅዳሜ ገበያን በዚያ ጭቃ አዳረስኩት። ነጋዴው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥልኛል እንጂ አንዲት ፍሬ የለውም። ደክሞኝ ስመለስ ሱፐርማርኬት ውስጥ ቀይ ወይን ተደርድሮ አየሁ። ከደረቀው ዘቢብ የተጨመቀው ለቁርባን ከሆነ፣ ከራሱ ከወይን ፍሬ የተጠመቀውማ ምን ይወጣለታል ብዬ ደስ አለኝ። ባለሱቁ በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ አታገኝም ብሎ አንዱን አነሳልኝ። ሳይዋሽ አይቀርም ብዬ አልጠረጠርኩትም፣ ዛሬም አልጠረጥረውም። ለወንድሜ ደውዬ፣ ተገኝቷል፣ ነገ እደርሳለሁ አልኩት።

በማግስቱ አውቶቡሱ ዳባት ላይ ጭቃ ይዞት ስንገፋ ቆየን። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ የተቀቀለ ድንች አካፈሉኝ፤ የምሄድበትን ስነግራቸው መረቁኝ። የቅዳሴው ሰዓት ሳያልፍ ቤት ደረስኩ። የአባቴ ንስሐ አባት መምሬ ካሳ ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱት።

“ልጄ፣ ይሄ የፈላ ነው። መጠጥ ነው፤ መቅደስ አይገባም” አሉኝ፣ ሳይቆጡ።

ወንድሜ የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። አባቴ ተገኘ ሲባል ሰምቶ፣ ለቁርባኑ ብሎ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። እናቴ ጣሳ ይዛ አጠገቡ ተቀምጣለች።

“አያ ታከለ፣ ለታመመ ተፈቅዷል። ጉሮሮህን አርጥብ” አሉት መምሬ።

“ምነው መምሬ፣ ነገ ዘቢቡ ቢገኝስ?” አላቸው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

በማግስቱም አልተገኘም። እኔና ወንድሜ በየደብሩ ዞረን ባዶ እጃችንን ተመለስን። አባቴ ቀትር ላይ፣ የቅዳሴው ደወል ሲሰማ አፉን ከፈት አደረገ። ብዙም ሳይቆይ አረፈ።

ባለፈው ሳምንት ከሱፐርማርኬቱ ሻጯ የመረጠችልኝን ይዤ ወጣሁ። እንግዶቹ ወደዱት፤ ልጄም ወይን ታውቅበታለህ ብላ አሞገሰችኝ። ስለ አባቴ የሚያውቁ ሰዎች እግዚአብሔር እንደቆረበ ይቆጥርለታል እያሉ ሲያጽናኑኝ ኖረዋል። ይሁን፣ እሱ ያውቃል። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ውሃ ጠምቶት መሞቱ ነው።