እናቴ የመሰከረችበት እሁድ

አፌ አያርፍም። የበዴሳ ሰው ሁሉ ያውቀኛል፤ ከሚኒባስ ረዳት ጋር ሳልጨቃጨቅ ሶዶ ደርሼ አላውቅም። መናገር ሲገባኝ ዝም ያልኩት አንድ እሁድ ብቻ ነው።

እናቴ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶባት ሶዶ ሆስፒታል ስንመላለስ ሐኪሙ ሁሉንም አስረድቶን ነበር። በደም ሥሯ የሚንጠባጠበው ኪሞ የሚሉት መድኃኒት ቶሎ ቶሎ የሚባዙትን ሕዋሳት ይገድላል፤ የፀጉር ሥርም ቶሎ ስለሚያድግ አብሮ ይጎዳል፣ ፀጉሯ የሚረግፈው ለዚህ ነው። እጢው ሲያንስ በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ከዚያ ዓይን የማያየው ቅሪት በጨረር ይመታል። “እጢው ቢጠፋ እንኳ ቀዶ ጥገናው አይቀርም” አለ፣ ሁለት ጊዜ። እኔም በወላይትኛ ደገምኩላት።

ከአራተኛው የኪሞ ዙር በኋላ ገላዋን ሳጥባት እጢውን በእጄ ፈልጌ አጣሁት። እልል አልኩ! አዎ፣ እኔው ነኝ እልል ያልኩት። ጎረቤት ሰማ፣ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ።

እሁድ እናቴ የተመለጠ ራሷን በሻሽ ሸፍና ፊት ወጣች። ኪሞው ስላደከማት ማይኩን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። “ጌታ ፈውሶኛል፤ ከእንግዲህ ቢላ አይነካኝም” አለች። ሃሌሉያው ቤቱን አናወጠው። “ቀዶ ጥገናው አይቀርም” ማለት ብቻ ነበረብኝ። ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ ሳይ ምላሴ ተሳሰረ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ አልሄድም አለች። ለመንኳት፣ ጮህኩባት፣ አለቀስኩ። ፓስተሩ ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ “ሐኪምም የጌታ ነው፣ ሂጂ” ቢላት አሻፈረኝ አለች።

“ያ ሁሉ ሰው ፊት ተናግሬ? ጌታን ውሸታም ላደርገው ነው?”

በዓመቱ ደረቷ ላይ ጨርቅ ስትጠቀልል ደረስኩባት። እጢው ተመልሶ ቆስሏል፤ ለወራት ስትደብቀኝ ኖራለች። ሶዶ ይዣት በረርኩ። ሐኪሙ ካንሰሩ ሳንባዋ ድረስ መዝለቁን፣ ከእንግዲህ የሚሰጣት የሕመም ማስታገሻ ብቻ መሆኑን ነገረን። አልተቆጣንም። ቢቆጣን ይሻለኝ ነበር።

በሚኒባስ ስንመለስ ከረዳቱ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገርኩም። እናቴ እጄን ያዘችኝ።

“ያን እሁድ አጠገቤ ቆመሽ ነበር” አለች ቀስ ብላ። “አንቺ እኮ ዝም የምትይ ልጅ አይደለሽም። ዝም ስትይ ጊዜ፣ በቃ በእውነት ድኛለሁ አልኩ።”