የቀኝ ትከሻው ሦስት ሚሊ ሜትር

በጫማ ፋብሪካው የጥራት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለውን ሰውዬ እናቱ ባወጣችለት ስም የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ነው። ሌላው ፍጡር በሙሉ እንከናየሁ ይለዋል። ከማሽን የወጣ ጫማ ሊደርስበት ገና ሦስት ክንድ ሲቀረው «የግራው ስፌት ዘሏል» ይላል፤ ሲታይም ዘሏል። ችግሩ፣ ይኼ ዓይን ሥራ ሲያልቅ ከጋዋኑ ጋር መስቀያ ላይ አይቀርም። አብሮት ቤት ይገባል። በር ሲከፍት ማጠፊያውን ይታዘባል፣ ራት ሲቀርብለት የሳህኑን ጠርዝ ይመረምራል። በሠርጉ ዕለት የሙሽሪትን ቬል ገልጦ መጀመሪያ የተናገረው ስለ ቬሉ ጠርዝ አቆራረጥ ነው ይባላል። ሚስቱ ነርስ ናት፤ ትዕግሥትን በትምህርት ቤት ስለተማረች ነው ትዳሩ እስከ ዛሬ የቆየው።

ይህን ዓይን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በደስታ የሚቀበለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የጓደኛው ፀጉር ቤት የጓሮ ክፍል። እዚያ አራት ሰዎች ይሰበሰባሉ፦ ፀጉር አስተካካዩ፣ አንዲት ፋርማሲስት፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርና እሱ። አራቱም የፊልም ጀግኖችን ቅርፅ ይሰበስባሉ፤ ቁመቱ አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን፣ መገጣጠሚያው የሚታጠፍ፣ እውነተኛ ጨርቅ የለበሰ ቅርፅ። «አሻንጉሊት» ያለ ሰው ሁለተኛ ሻይ አይቀዳለትም።

የክለቡ ዳኛ እንከናየሁ ነው። ማንም አልመረጠውም፤ ግን ማንም አልደፈረውም። ያለፈ ቅርፅ በግራ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አረንጓዴ ክር ይታሰርለታል፤ የወደቀው ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። የተነካካ፣ የተጠገነ ወይም የተቀባ ቅርፅ ደግሞ ለፍርድም አይቀርብም፤ ደንቡን የጻፈው ራሱ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ የታሰረው ክር አራት ብቻ ነው። ሁለቱ የራሱ፣ አንዱ የመምህሩ፣ አንዱ የፋርማሲስቷ። ክፍሉን፣ ወንበሩንና ሻዩን የሚያቀርበው ፀጉር አስተካካይ አንድም የለውም።

ሐሙስ ከሥራ በኋላ ይኸው ፀጉር አስተካካይ ካርቶን አቅፎ የእንከናየሁን በር አንኳኳ።

«ዐሥራ አራት ወር ጠብቄው ነው የደረሰኝ» አለ። «ቅዳሜ በሰው ፊት ከምታዋርደኝ ዛሬ እየው። ጉድ ካለበት ንገረኝና ሳላመጣው ልቅር።»

«እኔ ማንንም አላዋርድም። ያየሁትን ነው የምናገረው።»

«እሱን ነው እኮ የምልህ፣ ወንድሜ።»

ጓደኛው ከሄደ በኋላ እንከናየሁ ሰውዬውን ከካርቶኑ አውጥቶ መብራት ሥር አቆመው። የቦት ጫማው ስፌት በእውነተኛ ክር የተሰፋ ነው፤ ቆጠረው፣ አንድም አልዘለለም። ፋብሪካቸው ጫማ እንዲህ አድርጎ ቢሰፋ እሱ ሥራ ፈት በሆነ ነበር። የቀበቶው ዘለበት ይከፈታል። ከጥፍሮቹ ሥር ጭቃ አለ። ዓይኖቹ ደግሞ ሁለቱም አንድ ነገር ያያሉ፤ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም፣ አብዛኛው ቅርፅ በአንድ ዓይኑ ሰሜን በሌላው ደቡብ የሚያይ ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፈልጎ እንከን አጣ። ደስ ሊለው ሲገባ ተናደደ።

ከዚያ ማስመሪያ ትከሻው ላይ አጋደመ። ቀኙ በሦስት ሚሊ ሜትር ወርዷል።

ማስመሪያውን ጠረጠረ፤ በሌላ ለካ። ሚስቱ የሕፃናት ጭንቅላት የምትለካበትን ሜትር ተውሶ ለካ። ሦስት።

«ምን አጥፍቶ ነው?» አለች ሚስቱ።

«ትከሻው ወርዷል።»

«ያንተስ ወርዶ የለ?»

«የኔ በሥራ ብዛት ነው።»

«የሱስ በምን እንደሆነ ጠየቅከው?»

ሜትሩን ጠቅልሎ መለሰላት። ፀጉር አስተካካዩ በአንድ ዴስክ አብሮት የተማረ፣ የእንከናየሁ አባት ታመው ልጃቸው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሲንቆራጠጥ አብሮት ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሥራ፣ በእንዲህ ያለ ሰው እጅ፣ በአንዲት የምስር ፍሬ ስፋት ሊወድቅ ነው። ስለዚህ እንከናየሁ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሕረት ለማድረግ ወሰነ። ምሕረት ደግሞ ያልለመደው ሙያ ነው።

ዓርብ ሚስቱ ሆስፒታል ተረኛ ሆና ሳለች የፀጉር ማድረቂያዋን አወጣ። ፕላስቲኩን እስኪለሰልስ አሞቀው፣ ትከሻውን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ገፋው፣ እንዳይመለስም በፋሻ ጠፍንጎ አሰረው። ሲፈታው ትከሻው እንደ ወታደር ቀጥ ብሏል። የገዛ ደንቡን እንደ ጣሰ ያውቃል፤ ቢሆንም ዓይኑን በጨው አጥቦ ቅዳሜን ጠበቀ።

ቅዳሜ ንግግር አደረገ። ቦት ጫማውን አሞገሰ፣ ዘለበቱን አሞገሰ፣ ጭቃውን ሳይቀር አሞገሰ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ፤ ዳኛው ታሞ ይሆናል ብለው ነው። እንከናየሁ ክሩን ሲያስር ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ዓይኑን ጠርጎ ተመለሰ። ከዚያ ቅርፁን ወደ መስኮቱ አስጠጋው።

«ትከሻውን ምን አደረግከው?»

«ምን ሆነ?»

«ቀጥ ብሏላ።»

«ቀጥ ማለት ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?»

«ይሄ ሰውዬ እኮ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ቀስ ብሎ፣ «ቁስለኛ ወንድሙን በቀኝ ትከሻው ተሸክሞ ዘጠኝ ቀን የሄደ ሰው ነው። ፊልሙ በሙሉ እሱ ነው። ትከሻው ከዚያ በኋላ አልተነሳም።»

ፋርማሲስቷ ዓይኗን አጠበበች። «ፊልሙን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«መጨረሻው ምንድን ነው?»

«ያሸንፋል።»

«ይሞታል» አለች።

ጉድ ፈላ። ለካ ዳኛው የሲኒማ ወንበር ከነካው መብራቱ እስኪጠፋ እንኳን አይቆይም፤ ያንኮራፋል። ስድስት ዓመት ሙሉ የፈረደው በማስመሪያ ነው።

«አምና የጣልክብኝ ሰውዬስ?» አለች ፋርማሲስቷ። «አንድ ጆሮ ይጎድለዋል ብለህ። ጆሮውን እኮ ሲቆርጡት ነው ታሪኩ የሚጀምረው። አንተን አምኜ በማጣበቂያ ጆሮ ቀጠልኩለት።»

«እኔስ ሽማግሌው?» አሉ መምህሩ። «ጀርባው ጎበጠ ብለህ?»

«የእርስዎን እንኳን በትክክል ነው የጣልኩት።»

«መቶ አሥር ዓመቱ ነው፣ ልጄ። በየትኛው ወገቡ ይቁም? ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው።»

ክፉው ነገር ፀጉር አስተካካዩ አለመጮሁ ነበር። ክሩን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ይሄን ነው» አለ። «አሁን ስታስርልኝ ሰውየው የኔ አይደለም። የኔን ሰውዬ መልስልኝ።»

እሑድ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። እንከናየሁ በጓሮ በር ገባ። «ፊልሙን አሳየኝ» አለ፤ ይቅርታ ማለት እንደሆነ ሁለቱም ገባቸው።

ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ እንደሚያስቀምጥ አስቀመጠው። ሽርጡን አንገቱ ላይ አሰረበት፣ ቴሌቪዥኑን ፊቱ አቆመ፣ ራሱም የውሃ መርጫውን ይዞ ከኋላው ቆመ። ዓይኑ በተከደነ ቁጥር ጆሮው ሥር ይረጨዋል። በመጀመሪያው ሰዓት ሸሚዙ ሊጨመቅ ደረሰ። በሁለተኛው ሰዓት ግን ጀግናው ተንበርክኮ ወንድሙን ትከሻው ላይ ሲያነሳ፣ እንከናየሁ ከወንበሩ ቀና አለ።

«አቁመው። መልሰው።»

አሥራ አንድ ጊዜ አስመለሰው። ጀግናው ሲሞት አንደኛው ወለል መጥረግ ጀመረ፣ ሌላኛው አፍንጫውን በሽርጡ ጠረገ።

ከዚያ ማድረቂያውን አበሩ። እንከናየሁ አሞቀ፣ ፀጉር አስተካካዩ በአውራ ጣቱ ትከሻውን ቀስ እያለ ተጫነው። ማስመሪያ የጠየቀ አልነበረም። ጓደኛው ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየና «በቃ፤ እሱ ነው። መጣ» አለ።

እንከናየሁ ክሩን አነሳ።

«የተነካካ አይታሰርለትም የሚለው ደንብህስ?»

«ያ የባለቤቱን እጅ ነው የሚከለክለው። እዚህ ያጠፋው ዳኛው ነው። ቅጣቱን ዳኛው ይቀበላል፤ ሰውዬው ምን አደረገ?»

አሰረው። ፀጉር አስተካካዩ ቅርፁን ከትልቁ መስታወት ፊት አቆመው። ከፊት ተመለከተው፣ በመስታወቱ ውስጥ ከኋላም ተመለከተው። ሲዞር ፊቱ በርቶ ነበር።

«አሁን እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ወንድም ንገረኝ» አለ። «ምን ይጎድለዋል?»

እንከናየሁ ምላሱን ነከሰ። ጣሪያውን አየ። ሽርጡን በጣቶቹ ጠመዘዘ። ደግ ነገር ሊናገር በእውነት ሞከረ።

«ፊልሙ ላይ የሚወርደው በዚህ ቁመት ሲሰላ አራት ሚሊ ሜትር ነው» አለ። «ሠሪዎቹ አንዷን ሰስተዋታል።»

ፀጉር አስተካካዩ መርጫውን አንስቶ ፊቱ ላይ ረጨበት። ያን ጊዜ ግን ያንቀላፋ አልነበረም።