ዳፍንት የያዛት አስጎብኚ

በሩቅ ምሥራቋ የወደብ ከተማ በጆርጅ ታውን መሀል ካናጋቫሊን የማያውቅ ባለሱቅ የለም። ሙሉ ስሟን ግን እናቷ ካረፉ ወዲህ የሚጠራው ጠፍቷል፤ ለሁሉም ቫሊ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ አራት ነው፤ ሃያ ሁለቱን ዓመት ያሳለፈችው እንግዶችን ማታ ማታ በማስጎብኘት ነው። ከእንግሊዞቹ ቤተ ክርስቲያን ትነሣና የቻይናዎቹን የምሕረት እመቤት መቅደስ፣ የራሷን የታሚሎቹን መቅደስና የሙስሊሞቹን መስጊድ በአንድ መንገድ አስከትላ ታሳያለች፤ መጨረሻውን ባሕር ላይ በምሰሶ ከቆመው የእንጨት መንደር ታደርሳለች። በአራት ቋንቋ ትሳደባለች፣ በአምስተኛው ትቀልዳለች። ሰው የምትወድ፣ ወሬዋ የማያልቅ፣ ግትር ሴት ናት፤ ግትርነቷን ልብ በሉልኝ።

ሁለት ዓመት ሆነ፣ ዓይኗን ዳፍንት ይዞታል። ቀን ቀን የመርፌ ቀዳዳ አታልፋትም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ግን ዳር ዳሩ ይጠፋና፣ ሲጨልም ፊት ለፊቷ ካለ መብራት ወይም መብራት ካረፈበት ነገር በቀር የሚታያት ነገር የለም። ሐኪሙ እየባሰ እንጂ እየተሻለ እንደማይሄድ ነግሯታል። ወጥታ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። በመርከብ የሚመጡት እንግዶች የሚጎበኙት ቀን ነው፤ እሱ ሥራ ለወጣቶቹ ከተሰጠ ቆይቷል። ለሷ የቀራት ማታው ብቻ ነው። ማታው ከተወሰደባት ቤቷ ቁጭ ብላ ከሬዲዮ ጋር ማውራት ነው።

ዘዴዋን ብታዩ መጀመሪያ ትስቃላችሁ፣ ኋላ ትደነግጣላችሁ። ደንቡ አስጎብኚው የኩባንያውን ነጭ ባንዲራ ይዞ ከፊት መሄዱ ነው። ቫሊ ግን በየማታው ከእንግዶቹ ቁመቱ ረዘም ያለውን ትመርጥና "የዛሬው ባንዲራ ያዣችን አንተ ነህ" ብላ ታስይዘዋለች። ሰውየው ክብር የተሰጠው መስሎት ደረቱን ይነፋል፤ እሷ ያችን ነጭ ጨርቅ ትከተላለች። የሱቆቹ በረንዳ እንደየባለቤቱ ጸባይ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ ነውና፣ ሶሉ የሳሳ ነጠላ ጫማ አድርጋ ወለሉን በእግሯ ትዳስሰዋለች። ከወርቅ ሠሪው እስከ ቅመም ሻጩ አሥራ ዘጠኝ እርምጃ፣ ከዚያ ሁለት ደረጃ ወደ ታች። ሰው መቁጠር ሲኖርባት ደግሞ እንግዶቹ በየቋንቋቸው ተራ ቁጥራቸውን እንዲጠሩ ታደርጋለች። እነሱ ጨዋታ ይመስላቸዋል።

የዚያን ቀን ማታ ግን ሁለት ነገር በአንድ ላይ መጣባት። አንደኛው ጌክ ላን ናት። ጌክ ላን የኩባንያው ቻይናዊ ባለቤት ልጅ ናት፤ ውጭ አገር ተምራ ተመልሳ፣ አባቷ ሲታመሙ ሥራውን ተረከበች። ቫሊ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ከምትለብስበት ጊዜ ጀምሮ ታውቃታለች፤ ልጅቱም በአክብሮት አክስት ትላታለች። ልጅቱ የማታውን ጉብኝት ማን እንደሚቀጥልበት ከመወሰኗ በፊት አብራ ዞራ ልታይ መጣች። ሌላ ወጣት አስጎብኚ ቦታውን እንደሚጠብቅ ቫሊ ሰምታለች።

ሁለተኛው፣ ወሩ የቻይናዎቹ ሰባተኛ ወር ነበር። በዚህ ወር ሙታን ይለቀቃሉ፤ ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ ይገባል፣ የሌለው በየመንገዱ ይንከራተታል። የሱቅ ባለቤቶች ለነዚህ ዘመድ ለሌላቸው ብለው ሲመሽ በየደጃፋቸው መሬት ላይ ሩዝ፣ ብርቱካን፣ ኬክና ሻይ ይዘረጋሉ፣ ሻማ ያበራሉ፣ ዕጣን ያጨሳሉ። አንዱ ዛሬ በግራ ይዘረጋል፣ ነገ በቀኝ። ለቫሊ ደግሞ ቦታውን የቀየረ ነገር ሁሉ ጠላቷ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ አንድ እንግዶች ይዛ ተነሣች። ባንዲራውን ሮሳሊን ለምትባል ከማኒላ ለመጣች ረጅም አስተማሪ ሰጠቻት። መጨረሻ ላይ፣ አሥራ አንደኛው፣ ሄንክ የሚባሉ ሆላንዳዊ ሽማግሌ ነበሩ። ብቻቸውን ነው የመጡት፤ ጆሯቸው ስለማይሰማ ተራቸው ሲደርስ አጠገባቸው ያለው ሰው ትከሻቸውን ይነካቸዋል። ገና ብርሃን ስለነበር ቫሊ እንዳሻት ሆነች፤ ቀለደች፣ አሳቀች፣ ከአበባ ሻጩ ጋር ተሰዳደበች። ጌክ ላን እንኳ ሳትወድ ፈገግ አለች።

እዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ የዚያን ቀን ግን አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን ደመናው ወረደና ብርሃኑ ቀድሞ ሄደ። ቫሊ ዓይኗን ባንዲራው ላይ ተክላ እርምጃዋን መቁጠር ጀመረች። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ስትል ሮሳሊን ፎቶ ልታነሣ ወደ ጎን ወጣች፤ ነጩ ጨርቅ ከፊቷ ጠፋ። ቫሊ ቁጥሯን አምና ቀጠለች። በአሥራ ሰባተኛው እግሯ ሞቅ ያለ ለስላሳ ነገር ውስጥ ገባ። ስኒ ተሰበረ። ማንም ሳይናገር ምን እንደረገጠች አወቀች።

ከውስጥ ባለቤቷ፣ ሆኪየን ከሚባሉት ቻይናዎች ወገን የሆኑ አሮጊት፣ ወጡ። አልጮኹም፤ ጩኸቱ በተሻለ ነበር።

"ሃያ ዓመት በደጄ ስትመላለሺ አውቅሻለሁ" አሉ። "ዛሬ ምን በደሉሽ? የማንም ያልሆኑ ምስኪኖች ናቸው እኮ።"

ቫሊ ተንበርክካ ሩዙን በእጇ መሰብሰብ ያዘች። ስብርባሪው ጣቷን ቆረጣት፤ አላቆመችም። ይቅርታ ጠየቀች፣ ደግማ ጠየቀች። ጌክ ላን እንግዶቹን አልፋ መጣችና አጠገቧ ቆመች።

"አክስት ቫሊ፣ ሻማው እኮ እየነደደ ነበር። እንዴት ረገጡት?"

"ዓይኔ ነው" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከዚያ ቤቷን አሰበች፣ ሬዲዮውን አሰበች፤ ቃሉን ዋጠችው።

"ቸኮልኩ፣ ልጄ። እንግዶቹን ላስቆማቸው አልፈለግሁም።"

"ለኛ ሙታን ሲሆን ነው የሚቸኮለው?"

እዚህ ከተማ ሰው ሌባ ቢባል ይቅር ይባላል፤ የጎረቤቱን አምልኮ ናቀ ከተባለ ግን አለቀለት። ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን ይህን ያህል ዘመን የኖርነው፣ እያንዳንዱ የሌላውን ሳህን ሲያይ እግሩን ስለሚያነሣ ነው። ይህን ለእንግዶች በየማታው የምትነግረው ራሷ ቫሊ ናት። አሁን ያንን ስም ዓይኗን በጨው አጥባ ተሸከመችው። እኔ በበኩሌ በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ አዝንባታለሁ።

ጌክ ላን ስልኳን አውጥታ የሆነ ነገር ጻፈች፤ የስልኩ ብርሃን ፊቷን አደመቀው። እዚያ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ ለቫሊ የታያት ያ ፊት ብቻ ነበር። ደም ለብሶ ነበር።

ከመስጊዱ የምሽቱ ሶላት ጥሪ፣ የመግሪብ አዛን፣ ሲሰማ ጨለማው ሙሉ ሆነ። ቫሊ ከዚያ በኋላ ያወራችውን ራሷም አታስታውሰውም፤ አፏ በልማድ ይሠራ ነበር። ሮሳሊንን ከባንዲራው ጋር ከፊቷ እንዳትርቅ ሦስት ጊዜ ለመነቻት። የባሕሩ መንደር ብቻ ቀርቷት ነበር። እሱን ከጨረሰች ነገ ለአሮጊቷ አዲስ ስኒና ብርቱካን ይዛ ሄዳ ትለምናለች፤ ለጌክ ላንም የሆነ ነገር ትላለች። እንዲህ እያለች ራሷን ታባብል ነበር።

መንደሩ ሰፋ ባለ የሳንቃ መንገድ ላይ የተዘረጋ ነው፤ ቤቶቹ በግራና በቀኝ፣ ባሕሩ ከሥር። ከዋናው መንገድ ጫፍ አጠገብ ወደ ግራ የምትገነጠል አንዲት ጠባብ ሳንቃ አለች፤ መደገፊያ የላትም፣ ወደ ጀልባ ማሰሪያው ትወስዳለች። በዚያ ሳምንት እየታደሰች ስለነበር ከመሀሏ ሳንቃዎች ተነቅለዋል። ውሃው ሸሽቶ ነበርና ከሥር ያለው ድንጋይና የተሰበረ ምሰሶ ነው። ቫሊ ይህን ጠዋት መጥታ በእግሯ አጥንታዋለች፤ ለእንግዶቹም ወደ ግራ ማንም እንዳይሄድ ነግራቸዋለች። ለሚሰሙት ማለት ነው።

ዋናው መንገድ ጫፍ ሲደርሱ ቁጥር አስጠራች። አንድ፣ ሁለት እየተባለ እስከ አሥር ደረሰ። ከዚያ ዝም። ውሃው ብቻ ምሰሶውን ይመታል።

"አሥራ አንድስ?"

ሮሳሊን ሽማግሌው ቅድም ኋላ ቀርተው ጀልባዎቹን ፎቶ ሲያነሡ እንደነበር ተናገረች። እንግዶቹ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ቫሊ ሁሉም ባለበት እንዲቆም አዘዘች። አሥር ሰው በጨለማ ሳንቃ ላይ ቢራወጥ ሌላ ሰው ይወድቃል።

ጌክ ላን አጠገቧ መጣች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣው እንዳለ ነበር፤ አሁን ግን ፍርሃትም ገብቶበታል።

"እርስዎ ሳንቃውን ያውቁታል፣ በግራ ይፈልጉ። እኔ ወደ በሩ እመለሳለሁ" ብላ ሮጠች።

ትክክል ብላለች። ማንም አለቃ ቢሆን እንዲሁ ነው የሚያዘው። ቫሊ ወደ ጠባቧ ሳንቃ ገባች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው የእግሯ ጣት ባዶ ነካ፤ ከሥር ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ። ቆመች። ፊት ለፊቷ ጥቁር ነው፤ ሽማግሌው አሥር እርምጃ ርቀው ቢሆኑ አታያቸውም፣ ሁለት እርምጃም ቢሆኑ አታያቸውም። ብትጠራቸው አይሰሙም። ተመልሳ "የሉም" ማለት ትችላለች፤ ማን ያውቅባታል? ይህን አሰበችው፤ ማሰቧን አልደብቅላትም። ከዚያ እግሯን ከባዶው መለሰች።

"ጌክ ላን፣ ተመለሺ" ብላ ተጣራች። "አይታየኝም።"

"ምኑ?"

"ምንም። ከመሸ ምንም አይታየኝም፣ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰውየው አፍንጫዬ ሥር ቢቆሙ አላያቸውም። ነይና አንቺ እዪልኝ።"

የጌክ ላን እግር ሳንቃው ላይ እየተንኳኳ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ቫሊ በእግሯ እየዳሰሰች ወደ ሰፊው መንገድ ተመልሳ ቦታ ለቀቀችላት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። "ስልክሽን አብሪ። በቀኝ ጠርዝ ያለው ሳንቃ ጥብቅ ነው፣ እሱን ብቻ ርገጪ። ካገኘሻቸው ከኋላ እንዳትነኪያቸው፣ ይደነግጣሉ። መብራቱን እግራቸው ሥር አሳዪያቸው።"

የስልኩ ብርሃን እየራቀ ሄደና ጠፋ። ቫሊ ሳንቃው ሲንቋቋ እርምጃውን ቆጠረች፤ ዘጠኝ ላይ ድምፁ ቆመ። እንግዶቹም ትንፋሻቸውን ውጠዋል። በመጨረሻ የሽማግሌው ትልቅ ድምፅ ተሰማ፤ ምን ዓይነት ግሩም ጀልባ እንዳዩ ይናገራሉ። የቆሙት ገና ምስማር ያልተመታበት ሳንቃ ጫፍ ላይ ነበር። ይህንን ጌክ ላን ናት ኋላ የነገረቻት።

ጌክ ላን እሳቸውን በእጃቸው ይዛ ወደ ሰፊው መንገድ አወጣቻቸውና ቫሊ ፊት ቆመች።

"ቅድም በረንዳው ላይ" አለች።

"አላየሁትም፣ ልጄ። ሻማውንም አላየሁም።"

"ታዲያ ስጠይቅዎ ምን አለበት ቢነግሩኝ? ሙታናችንን የናቁ መስሎኝ እስካሁን ሆዴ ሲቃጠል እያዩ ተዉኝ?"

"ማታውን ትወስጂብኛለሽ ብዬ ነው።"

"እወስዳለሁ" አለች ጌክ ላን። "አሁንማ እወስዳለሁ። ከነገ ጀምሮ ሲመሽ አይወጡም።"

ቫሊ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ሁለት ዓመት ስትሸሸው የኖረችው ነገር ይኸው ደረሰ። እንባዋ መጣ፤ በጨለማው ሰው አያየኝም ብላ አልጠረገችውም።

ሽማግሌው ሄንክ ከዚህ ሁሉ አንዲትም ቃል አልሰሙም። መጥተው ክንዷን ያዙ።

"ጨለማ አይመቸኝም፣ የኔ እመቤት" አሉ፣ መስማት የተሳነው ሰው እንደሚናገረው ከፍ ባለ ድምፅ። "ያቺ ልጅ ቸኩላ ነው የጎተተችኝ። እርስዎ ይምሩኝ፣ ከእርስዎ ጋር አልፈራም።"

ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ለማን ትነግራለች? ጌክ ላን ትንሽ አየቻቸውና ዞራ ከፊታቸው ቀደመች። ጥቂት ሄዳ ወደ ኋላ ሳትመለከት ተናገረች፤ ድምፅዋ እንደተቆጣ ነበር።

"ሦስት እርምጃ ቀጥታ ነው፣ አክስቴ። ከዚያ በሁለት ሳንቃ መሀል ሰፋ ያለ ክፍተት አለ።"

ቫሊ ሦስት ቆጠረች። የሽማግሌውን ክንድ ጠበቅ አድርጋ አስጠነቀቀቻቸውና እግሯን አነሣች።