በአራተኛው ሣጥን የተጻፈው

አፍንጮ የሚለውን ስም ያወጣላት የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነው። አፍንጫዋ ትልቅ ሆኖ አይደለም። ዓይኗን ጨፍና አንድ ሳሙና ብታሸት በየትኛው ወር እንደተመረተ ትነግራችኋለች እያለ ያጋንን ስለነበር ነው። ስሙ ከመኪናው ወርዶ ቢሮ ገባ፣ ከቢሮው ሱቆቹ ጋር ደረሰ፣ እሷም አልተቀየመችም።

ሥራዋ ሰው ሲገዛ ማየት ነው። በብዙ አገር ሳሙና የሚሸጥ ትልቅ ኩባንያ ደመወዝ የሚከፍላት ሱቅ ውስጥ ቆማ እንድታይ ነው ብትል የሚያምናት የለም። እናቷ እንኳ፣ «ታዲያ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታዪ ውለሽ ነው ደከመኝ የምትዪኝ?» እያለች ትስቅባታለች።

ኩባንያው ከሚሸጠው ሁሉ ነፍሷ ቢጫዋ ሳሙና ላይ ነበረች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አዲስ ተቀጣሪ ሳለች፣ ቢጫዋን በካርቶን ተሸክማ ሱቅ ለሱቅ ያዞረቻት እሷ ናት። በየደጁ «እስቲ ያሽቷት» እያለች አስለምዳለች። አሁን ቢጫዋ ስትወደስ ስትሰማ፣ ልጇን ድራ ደህና ወሬ እንደሰማች እናት ፊቷ ይፈካል።

ሴቶቹ ቢጫዋን ሲያነሱ መጀመሪያ ዋጋ አይጠይቁም። በአውራ ጣታቸው ጥፍር የስሱን መጠቅለያ ወረቀት ጠርዝ ጫር ያደርጓታል፣ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጓታል፣ ለአፍታ ዓይናቸውን ይከድናሉ፣ ከዚያ ቅርጫታቸው ውስጥ ይከቷታል። አፍንጮ ይህን ባየች ቁጥር ደስ ይላታል። ደስታዋን በሪፖርቷ ልትጽፈው ፈለገች። ችግሩ ቅጹ አራት ሣጥን ብቻ ነው ያለው፦ ዋጋ፣ መደርደሪያ፣ ተፎካካሪ፣ የማሸጊያ ችግር። ሰው ምን እንደሚወድ የሚጻፍበት ቦታ የለም። የመጠቅለያው ወረቀትም ከማሸጊያ ይቆጠራል ብላ በአራተኛው ሣጥን፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ «ከአሥር ሴቶች ሰባቱ መጠቅለያውን በጥፍር ቀደድ አድርገው ያሸታሉ» ብላ ጻፈች። ቦታው በዚያው አለቀ።

ሁለት ወር ቆይቶ ስብሰባ ተጠራ። የገበያ ክፍሉ ኃላፊ ወጣት ነው፣ ሰላምታውን ሳይቀር ግድግዳ ላይ እያበራ ስለሚያቀርብ ሠራተኛው እሱ በሌለበት ስላይድ ይለዋል።

«ይቺን ቁጥር እዩልኝ» አለ በብርሃን ጠቋሚው ክብ እየሠራ። «ከአሥር ሳሙና ሰባቱ ገና መደርደሪያ ላይ ሳለ ይቀደዳል! ዋናው መሥሪያ ቤት ጉድ ብሏል። ይህን ያገኘችልን ደግሞ የራሳችን ሰው ናት። አጨብጭቡላት!»

ተጨበጨበ። አፍንጮም ነገሩ እስኪገባት ድረስ አብራ አጨበጨበች።

ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ቢጫዋ መጣች። ዙሪያዋን በወፍራም፣ በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ታሽጋ፣ መስኮት እንደሌለው ቤት ድፍን ብላ።

«አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ ተነሳች። «እኔ እኮ ተበላሸ አላልኩም። አሸተቱ ነው ያልኩት።»

«ሳይቀድዱ በምን ያሸታሉ?»

«ቀደው ያሸቱና ይገዛሉ! ያንኑ የቀደዱትን ነው የሚገዙት። መልሰው የሚያስቀምጡ ስንት ናቸው?»

«እሱን የት ጻፍሽው?»

አልጻፈችውማ። ሳሙና አሽትቶ መግዛት ለእሷ በእግር እንደመሄድ ያለ ነገር ስለሆነ፣ የማያውቅ ሰው ያነበዋል ብላ አላሰበችም።

«እህቴ» አለ ስላይድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ «ማሽኑ ተገዝቷል። ለሠላሳ አገር አንድ ማሸጊያ። እኔም እንዳንቺ ተነገረኝ እንጂ አልተጠየቅሁም። የሚሆን ከሆነ ጻፊና እልክልሻለሁ።»

ሦስት ገጽ ጻፈች። ከሦስት ሳምንት በኋላ «ስለ ተሳትፎዎ ከልብ እናመሰግናለን» የሚል አንድ መስመር መጣላት።

ፕላስቲኩ ሱቅ በገባ በሳምንቱ የድሮ ደንበኛዋ የሆኑ አንዲት ባለ ሱቅ ዘንድ ሄደች። ባለ ሱቋ ቢጫዋን ከመጀመሪያው ካርቶን ጀምሮ የሸጡ፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴት ናቸው።

«ነይ እስቲ ልጄ» አሏት። «ልጅሽን ምን አድርገሽ ነው እንዲህ ገንዘሽ ያመጣሽልኝ?»

«እኔ አይደለሁም እትዬ፣ እነሱ ናቸው።»

«እነሱን የት አግኝቼ ልጠይቃቸው? እኔ የማውቀው አንቺን ነው።»

አንዲት ሴት ገብታ ቢጫዋን አነሳች። በጥፍሯ ጫር አደረገች፣ ፕላስቲኩ አልበገር አላት። ደግማ ሞከረች። ፕላስቲኩን እንዳለ አሸተተችና ፊቷን አጨማዳ መልሳ አስቀመጠችው። ጎኑ ካለው፣ በወረቀት ከተጠቀለለው የሌላ ኩባንያ ሳሙና አንዱን ጫር አድርጋ፣ አሽትታ፣ ገዝታ ወጣች።

አፍንጮ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አታውቅበትም። መቀስ ተውሳ አንዷን ቢጫ ከፈተችና በንጹሕ ሳህን ባንኮኒው ላይ አኖረቻት። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አራት ሳሙና ተሸጠ። ባለ ሱቋ፣ «አየሽ፣ ትንፋሽ ሲሰጧት ነፍስ ዘራች» ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። አፍንጮ እየሮጠች ቢሮ ገባች፣ ስላይድም ሲሰማ እውነት ደስ አለው፣ በዚያው ቀን፣ በየሱቁ አንድ ክፍት ሳሙና ይፈቀድልን ብሎ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላከ።

በዚህ ጊዜ መልሱ ቶሎ መጣ። ክፍት ምርት ለደንበኛ ማቅረብ በጥራት ደንቡ ክልክል ነው። ሳህን የተገኘበት ሱቅ ካርቶን አይደርሰውም። ሳህኑን እንድታነሳ የተላከችው እሷው ነበረች።

«አንሺያ» አሏት ባለ ሱቋ ቀና ሳይሉ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ ዋናው መሥሪያ ቤት የደንበኛው ፍላጎት ተለውጧል ብሎ ቢጫዋን ከገበያ አወጣት። በዚያው ሳምንት አፍንጮ የዓመቱ ምርጥ ታዛቢ ተብላ በመስታወት ፍሬም የገባ የምስክር ወረቀት ተሸለመች፤ ከታች፣ ስለ ማሸጊያው ላደረገችው ግኝት ይላል።

«ሰቅለሽ እይው እንግዲህ» አለ ሾፌሩ እቤቷ ሲያደርሳት። ሊያስቃት ነበር፣ ፊቷን አየና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

እናቷ አፍንጮ ያመጣችላትን የመጨረሻዋን ቢጫ ተቀብላ፣ መነጽሯን ሳታደርግ፣ በልማዷ በጥፍሯ ጫር አደረገች። አሁንም ጫር። «እጄ ደከመ መሰለኝ» አለች።

«እጅሽ አይደለም እማዬ» አለች አፍንጮ፣ መቀስ ልትፈልግ እየተነሳች።

አሁን የምታየው አዲሱን ፈሳሽ ሳሙና ነው። ማክሰኞ ዕለት ባለ ሱቋ ዘንድ ቆማ ሳለች አንዲት ነፍሰ ጡር ጠርሙሱን አነሳች፣ ክዳኑን ግማሽ ዙር ፈታ አደረገች፣ አሸተተች፣ ዓይኗን ከደነች። ባለ ሱቋ አፍንጮን በዓይናቸው ጠቀሷት።

አፍንጮ ቅጹን አወጣች። ያው አራት ሣጥን ነው። እስክሪብቶዋ አራተኛው፣ የማሸጊያ ችግር የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። ያየችውን ከነምክንያቱ ልትጽፈው ብትል ቦታው ለሁለት መስመር አይበቃም። ግማሹን ብትጽፈው ደግሞ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። ሴትየዋ ክዳኑን መልሳ አጠበቀች፣ ጠርሙሱን ይዛ ወደ ባንኮኒው መጣች።

አፍንጮ «የለም» ብላ ጻፈች።

«ምን አልሻቸው?» አሉ ባለ ሱቋ ሴትየዋ እንደወጣች።

«ምንም እትዬ።»

«ደግ አደረግሽ።»

አፍንጮ ግን ደግ ታድርግ አታድርግ አላወቀችም። ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችና፣ ፈረቃዋ እስከ አሥር ሰዓት ስለሆነ፣ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ቆመች።